ድምፅ ስንሰጥ ዳኛ ነን ወይስ ደጋፊ?

89ኛው ደቂቃ። አንድ ለአንድ። የእናንተ አጥቂ ሳጥን ውስጥ ወደቀ። ፔናሊቲ! ዓይን ያወጣ ፔናሊቲ! ዳኛው ዝም። እናንተ ከመቀመጫ ብድግ። "ሌባ!"

አሁን ወደኋላ እንመልሰው። ያው ሳጥን፣ ያው አወዳደቅ። የወደቀው ግን የተጋጣሚ አጥቂ ነው። "ተነስ ባክህ፣ አስመሳይ!" አይደል? አትዋሹኝ።

እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ሰው ድምፅ ሲሰጥ ጭንቅላቱ ውስጥ ምን ይካሄዳል የሚለው ነው። ከኳስ የጀመርኩት ተሳስቼ አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ ሱስም አለብኝ።)

ሁላችንም ራሳችንን ዳኛ አድርገን ነው የምናስበው። ግራ ቀኙን አይቶ፣ መዝኖ፣ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ። እኔ ግን አብዛኞቻችን ደጋፊ ነን ባይ ነኝ። ገና ስንገባ ማልያ ለብሰናል።

ነገሩ ተሞክሮም ታይቷል። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1951 አሜሪካ ውስጥ ዳርትማውዝና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል ተጋጠሙ። ያው እነሱ ፉትቦል የሚሉት በእጅ ይዘውት የሚሮጡትን ነው፤ ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። ጨዋታው ድብድብ ቀረሽ ነበር። የአንዱ አፍንጫ ተሰበረ፣ የሌላው እግር። ሀስቶርፍና ካንትሪል የተባሉ ሁለት ምሁራን ፊልሙን ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሳዩ። "ጥፋት ባያችሁ ቁጥር መዝግቡ" አሏቸው። ፊልሙ አንድ ነው። የዳርትማውዝ ልጆች በራሳቸው ቡድን ላይ ጥቂት ጥፋት ቆጠሩ። የፕሪንስተን ልጆች በዚያው ቡድን ላይ ከእጥፍ በላይ ቆጠሩ። ልብ በሉ፣ ዋሹ አልተባለም። የታያቸው እሱ ነው።

ምርጫ ላይ ማልያው ፓርቲ ነው። ይህን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ መቼም ታውቁታላችሁ። በ1960 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት፣ ብዙ አሜሪካዊ ፓርቲውን ከቤቱ ይዞ እንደሚያድግ ነው። ፖሊሲው በኋላ ነው የሚመጣው። በ2003 ደግሞ ጄፍሪ ኮኸን የድጎማ ፖሊሲዎችን ለተማሪዎች አቅርቦ የደጋፊውን ፓርቲ ስም ቀያየረ። ድጋፋቸው ስሙን ተከትሎ ነጎደ። ሲጠየቁ ግን "ይዘቱን አይተን ነው" አሉ።

ወደ ኮሜንት ልምጣ። ይህን ርዕስ እንደምሠራ ስናገር ደጋግሞ የመጣ አስተያየት አለ፦ "ይሄ ያልተማረ ሰው ችግር ነው። የተማረ ሰው መረጃ አይቶ ነው የሚመርጠው።" ላልፈው ነበር። አላስቻለኝም።

እስቲ ይቺን ሥሩልኝ። አዲስ የቆዳ ክሬም ወጣ። ከተቀቡት 223 ሰው ተሻለው፣ 75 ሰው ባሰበት። ካልተቀቡት 107 ተሻለው፣ 21 ባሰበት። ክሬሙ ይሠራል?

"223 ብዙ ነው፣ ይሠራል" ያላችሁ፣ ወድቃችኋል። ከተቀቡት አንድ ሰው ሲብስበት ሦስት ያህል ነው የተሻለው። ካልተቀቡት አንድ ሲብስበት አምስት። ባይቀቡት ይሻላቸው ነበር።

የዬል ዩኒቨርሲቲው ዳን ካሃንና ባልደረቦቹ ይህን ጥያቄ ይዘው ከአንድ ሺህ ወደሚበልጡ አሜሪካውያን ሄዱ። ክሬሙ የደረሳቸው፣ ሒሳብ የሚችሉቱ፣ ከሌሎቹ በደንብ ሠሩት። ለሌሎች ደግሞ ያንኑ ቁጥር ሰጥተው ርዕሱን ቀየሩት። ሽጉጥ ደብቆ መያዝ የተከለከለባቸው ከተሞች ወንጀል ቀነሰላቸው ወይስ ጨመረባቸው? (አሜሪካ ውስጥ የሽጉጥ ነገር ፓርቲ ከፓርቲ የሚያጋጭ ጉዳይ ነው።) እዚህ ጋ ጉድ ፈላ። ትክክለኛው መልስ ለወገናቸው ሲመች ያገኙታል። ሳይመች ይስቱታል። ልዩነቱ ሰፍቶ የታየው ደግሞ በማን ላይ መሰላችሁ? ሒሳብ በሚችሉት ላይ!

ምክንያቱም የመጀመሪያው ግምት ከተመቸህ እዚያው ታቆማለህ። ካልተመቸህ ትቆፍራለህ። መቆፈር የሚያውቅበት ደግሞ የተማረው ነው። ስለዚህ ወዳጄ፣ ዲግሪ ማልያ አያስወልቅም። ለማልያው ጠበቃ ነው የሚቀጥርለት።

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ቁልፏ ከታች ናት። ማልያ ባይኖረንም ደጋፊ እንፈልጋለን።)

ማልያ የሌለውስ? ፓርቲ የለኝም፣ እጩዎቹንም አላውቃቸውም የሚለው? እሱ ፊት ያያል። በ2005 አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ የአሜሪካ ሴኔት እጩዎችን ፎቶ ጥንድ ጥንድ አድርገው ለማያውቋቸው ሰዎች አሳዩ። "ከሁለቱ ብቃት ያለው የሚመስለው የቱ ነው?" አንድ ሰከንድ ማየት በቂ ነበር። ብቃት ያለው የመሰለው ሰው ከአሥሩ ውድድር በሰባቱ ገደማ ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። ፊቱ ብቻውን አስመረጠው ማለት አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ለአጋጣሚ ይበዛል።

የኔ ተወዳጅ ግን የ2009ኙ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለሕፃናት የመርከብ ጨዋታ አጫወቷቸውና "ካፒቴን ማን ይሁን?" ብለው የሁለት ሰው ፎቶ አሳዩአቸው። ፎቶዎቹ የፈረንሳይ ፓርላማ እጩዎች ናቸው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳይቀር ነበረበት። ልጆቹ ካፒቴን ያደረጉት ሰው፣ እዚህም ከአሥሩ በሰባቱ ገደማ፣ ምርጫውን ያሸነፈው ነበር።

በሉ ልሂድ፣ ጨዋታ ሊጀምር ነው። ያ ፔናሊቲ ግን ፔናሊቲ ነበር።