ጅምላ በአረብኛ

እሺ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ፣ ያለሁት ደሴ ፒያሳ ሱቄ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ከረበሻችሁ ይቅርታ።

ስለ ቋንቋና ንግድ ላወራ ነበር። እኔ አባያና ሻርፕ ነው የምሸጠው፣ አምና የአስመጪ ፈቃድ ካለው ዘመዴ ጋር ሆነን ከዱባይ እቃ ልናመጣ ከአንድ አቅራቢ ጋር በዋትሳፕ ተጻጻፍን፣ በእንግሊዝኛዬ ደግሞ ትንሽ እመካባታለሁ። ዋጋ ላከልኝ፣ ረከሰብኝ፣ ደስ ብሎኝ ካልኩሌተር መምታት ጀመርኩ።

ሱቄ በር ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ ጅዳ ሰባት አመት ሰው ቤት ሰርታ የተመለሰች። እስቲ ስልኩን ስጠኝ አለችና ቮይስ ላከችለት፣ ወላሂ ሰላምታው ብቻ ደቂቃ ፈጀ፣ ስለ ጤናው ስለ ልጆቹ፣ ከዛ በኋላ ነው "አኺር ከላም ከም?" ያለችው፣ የመጨረሻው ስንት ነው እንደማለት። ሰውየው እየሳቀ መለሰ፣ ቀነሰም። እሷ መች ለቀቀችው፣ ይሄ ዋጋ እስከ የት ነው ስትለው ጀበል አሊ ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ነው አላት። ወይ ጉድ! ከዋጋው ስር ኤፍኦቢ የምትል ነገር ነበረች፣ አይቻት አልፌያታለሁ፣ ለካ የመርከቡም የኢንሹራንሱም፣ ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚደርስበት የመኪናውም ሂሳብ በእኛ ነው።

ፊደሉን ያነበብኩት እኔ፣ ዋጋው የገባት እሷ።

አያቴ ባቲ ሰኞ ገበያ ሲነግድ ከአፋሩ ጋር በአፋርኛ ከኦሮሞው ጋር በኦሮምኛ ነበር የሚከራከረው፣ ማንም ተምረሃል ብሎት አያውቅም። እኛም ከአረብ አገር የመጣችን ልጅ የምንጠይቃት ስንት ብር ይዘሽ መጣሽ ነው፣ አረብኛዋን ከቁም ነገር የሚቆጥር የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ግን እኮ ሱቅ የምንለው አረብኛ ነው፣ ደላላም አረብኛ ነው፣ የተደገፍኩበት ባንኮኒ እንኳን ጣልያንኛ ነው። ጅምላም የእነሱ ነው፣ ጁምላ ይሉታል፣ ዓረፍተ ነገር ማለትም ነው አለችኝ፣ የአሰሪዋ ልጆች የቤት ስራ ሲሰሩ ሰምታ ነው።

እኔ ያን ቀን ለውለታዋ ብዬ ለሱቁ ሰው ሁሉ ቡና አዘዝኩ። ዝም ብላ ቀዳችና "ቡናው የራሴ ስራ ነው፣ የቮይሱንስ?" አለችኝ። አፈርኩ። ከዛ ወዲህ በየትዕዛዙ ኮሚሽን አላት፣ እነዛ ማዶ ያሉት ሱቆችም ሰምተው መጡ።

አሁን ራሱ ለአቅራቢው የምታስተላልፍልኝ መልእክት ነበረኝ፣ ይኸው በር ላይ ቆማ በሌላ ሰው ስልክ እየሳቀች ነው፣ ወረፋ እየጠበቅኩ ነው የምቀዳላችሁ።