ማልኮም ማለት ምን ማለት ነው?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ አንድ ስም ላውራችሁ። ማልኮም።

ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ ቶሎ ትዝ የሚለን አሜሪካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ማልኮም ኤክስ ነው። «ሊትል» የሚለውን የቤተሰቡን ስም የባሪያ አሳዳሪዎች ስም ነው ብሎ ጣለው። ማልኮምን ግን አልጣለም። ለጆሮ ጠንከር ይላል፤ የጦረኛ ስም ይመስላል። የመነኩሴ ወዳጅ ስም ነው እንጂ!

ስሙ ከጌሊክ ቋንቋ ነው፤ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ። ድሮ «ማል ኮሉም» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ቃል ፀጉሩን የተላጨ ማለት ነው። መነኮሳቱ ራሳቸውን ይላጩ ስለነበር፣ ለቅዱስ ያደረ ሰውም በዚሁ ቃል ተጠራ። «ኮሉም» ደግሞ ርግብ ነው፤ የቅዱስ ኮሉምባ ስም።

እኔን ደስ ያለኝ አሰያየሙ ነው። ቁርጥ የኛ! ጊልክሪስት የሚሉት ስም አላቸው፤ ገብረ ክርስቶስ ማለት ነው። ጊልሞር አለ፤ ገብረ ማርያም። ማልኮምም እኛ ዘንድ ቢሆን ገብረ ኮሉምባ ይባል ነበር።

ኮሉምባ እ.ኤ.አ. በ521 ገደማ አየርላንድ ውስጥ ከመሳፍንት ዘር ተወለደ። በ563 ባሕር ተሻግሮ አዮና በምትባል ትንሽ የስኮትላንድ ደሴት ላይ ገዳም መሠረተ። ገድሉን የጻፈው አዳምናን፣ ኋላ የዚያው ገዳም አበምኔት የሆነው፣ የኮሉምባ ስም ከነቢዩ ዮናስ ጋር አንድ ነው ይላል። ዮናስም በዕብራይስጥ ርግብ ነውና።

ከገድሉ ልቤን የነካው የመጨረሻው ቀን ነው። ጊዜው 597 ነው። ሽማግሌው ጎጆው ውስጥ ቁጭ ብሎ ዳዊት ይገለብጣል። «እግዚአብሔርን የሚፈልጉት ግን ከመልካም ነገር ሁሉ አይጐድሉም» ከሚለው ሲደርስ ገጹ አለቀ። እዚህ ላይ ላቁም፣ የቀረውን ባይተን ይጻፈው አለ። ባይተን የአክስቱ ወይ የአጎቱ ልጅና ተተኪው ነው። የሚቀጥለውን ቁጥር ዳዊት የደገማችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ልጆቼ ኑ፣ ስሙኝ» ይላል። ለአዲስ አበምኔት ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ከየት ይመጣል? ኮሉምባ የዚያኑ ሌሊት ለጸሎት ቤተክርስቲያን ገብቶ፣ መሠዊያው ፊት አረፈ።

ከዚያ በኋላ አራት የስኮትላንድ ነገሥታት ማልኮም ተባሉ። ንጉሥ ሆኖ የመነኩሴ አገልጋይ ተብሎ መጠራት ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ስሙን ከያዙት ብዙዎቹ የማን አገልጋይ እንደተባሉ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። ይህ ያሳዝነኛል። የምታውቁት ማልኮም ካለ፣ እባካችሁ የአዮናውን ሽማግሌ ታሪክ ንገሩት።