የቡድኑን ፎቶ ተዉትና ኳሱን እዩ፦ ብዝኃነትና የዘር መድልዎ በአውስትራሊያ

ሰላም ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ አውስትራሊያ ነን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ወይ እናቱ፣ ወይ አባቱ፣ ወይ ሁለቱም የተወለዱት ውጭ አገር ነው። ግማሽ!

ታዲያ ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ "ሁሉም ዓይነት ሰው ያለበት አገር ዘረኛ ሊሆን አይችልም" ብላችኋል። ቆይ፣ ቆይ።

እስቲ አንድ የእግር ኳስ ቡድን አስቡ። የቡድን ፎቶ ተነሥተዋል። ከየአህጉሩ የመጣ ተጫዋች አለ፤ ሁሉም ፈገግ ብሏል። ደስ ይላል። አሁን ፎቶውን ተዉትና ጨዋታውን እዩ። አንዱ ክንፍ ላይ ብቻውን ቆሞ እጁን ያነሣል። ኳስ አይመጣለትም። እንደገና ያነሣል። አይመጣለትም። አንዴ ሲሳሳት ተቀይሮ ይወጣል፤ ጓደኛው ሦስቴ ቢሳሳት "አይዞህ" ይባላል። አሰልጣኝ ሲፈለግስ ማን ይታሰባል? ብዝኃነት ፎቶው ነው። መድልዎ የሚታየው ግን ኳሱ መንከባለል ሲጀምር ነው።

የአዳም ጉድስን ታሪክ እዩ። አቦርጂናል፣ ማለትም ከአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ወገን ነው፤ "የአውስትራሊያ ፉትቦል" የሚባለው፣ ከእኛ እግር ኳስ የተለየ በእጅም የሚጫወቱት ጨዋታ ኮከብ ነበር። በ2014 "የዓመቱ አውስትራሊያዊ" ተብሎ ተሸለመ። በ2015 ግን ኳስ በነካ ቁጥር ስታዲየሙ ይጮህበት ነበር። በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ። ሊጉ ይቅርታ የጠየቀው በ2019 ነው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሕጉን ቶሎ ልበልና ልለፍ። የ1975ቱ የዘር መድልዎ ሕግ ዛሬ ሁለት ዓይነት መድልዎ ይከለክላል። አንዱ ቀጥተኛው ነው፤ ሰውን በዘሩ ወይም በቀለሙ ምክንያት ሥራ፣ ቤት ወይም አገልግሎት መከልከል። ሁለተኛው ቀጥተኛ ያልሆነው፤ ለሁሉም እኩል የሚመስል፣ ግን ያለ በቂ ምክንያት አንዱን ወገን የሚጎዳ መስፈርት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ። "መስፈርቱ ዘር ካልጠቀሰ እንዴት መድልዎ ይባላል?" ይህን ሳልመልስ አልሄድም።

በ1901 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ላይ "ከነጭ በስተቀር አይገባም" የሚል ዓረፍተ ነገር አታገኙም። የምታገኙት የዲክቴሽን ፈተና ነው። መኮንኑ 50 ቃላት ያነባል፣ መጤው ይጽፋል። በየትኛው ቋንቋ? መኮንኑ በመረጠው የአውሮፓ ቋንቋ! እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚጽፍ እስያዊ ከመጣ ሌላ ቋንቋ ያመጡበታል። የሚፈተነውም እንዲገባ ያልተፈለገው ሰው ነው። ከ1909 በኋላ ፈተናውን ያለፈ አንድም ሰው የለም። አንድም!

በ1934 ኤጎን ኪሽ የሚባል የፕራግ ጋዜጠኛ መጣ። ፈተናው ያልተፈለገን ማንንም ለመጣል እንደሚመች የእሱ ታሪክ ያሳያል፦ ነጭ ነው፤ ያልተፈለገው በፖለቲካው ነበር። ብዙ ቋንቋ ስለሚችል በስኮትላንድ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚናገሩት በጌሊክ ቋንቋ ፈተኑት፣ ወደቀ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት "ይህ ሕጉ የሚለው የአውሮፓ ቋንቋ አይደለም" ብሎ ፈረደለት። ፈተናው እስከ 1958 ድረስ ቆየ። እንግዲህ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ዘር በማይጠቅስ ሕግ ሰው በዘሩ ሲመለስ ኖረ ማለት ነው።

በእኛ ዘመንስ? በ2007 ኢኮኖሚስቶች በፈጠራ ስሞች ከ4,000 በላይ የሥራ ማመልከቻ ለአውስትራሊያ ቀጣሪዎች ልከው ሞክረዋል። የትምህርቱና የልምዱ ደረጃ አንድ ዓይነት ነበር፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። የቻይና ስም ያለው አመልካች የእንግሊዝ ስም ካለው እኩል ለኢንተርቪው ለመጠራት 68 በመቶ ተጨማሪ ማመልከቻ መላክ ነበረበት።

ያ ሰው የሚደርሰው "ሌላ እጩ መርጠናል" የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል ነው። ይህን ይዞ የመድልዎ አቤቱታ ወደሚቀበለው የአውስትራሊያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሄዶ ምን ብሎ ያስረዳል? ማስረጃ አምጣ የሚባለው ራሱ ተበዳዩ መሆኑ ለእኔ የሕጉ ትልቁ ጉድለት ነው። በሚቀጥለው ቪዲዮ ኮሚሽኑ እንዴት እንደሚያስማማ፣ ካልተስማሙ ደግሞ ጉዳዩ እንዴት ፍርድ ቤት እንደሚደርስ ደረጃ በደረጃ አሳያችኋለሁ። እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኗት።