ያ ቀስት የእኛ ነበር

እንደምን አመሻችሁ፣ ወገኖቼ!

ከሥራ ወጥታችሁ፣ ልጆቻችሁን ለሰው ሰጥታችሁ፣ ያን የትራፊክ መጨናነቅ ችላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለዓመታት በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የማውቀውን ድምፅ ዛሬ ከነባለቤቱ አቅፌ ሳምኩት። አዘጋጆቹ ስለ ጊልዳችን፣ ስለ ኦንላይን ጨዋታ ቡድናችን ታሪክ፣ 10 ደቂቃ ተናገር ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ግን ታሪካችንን ባነሳሁ ቁጥር ሐሳቤ አንድ ቦታ ሄዶ ይቆማል። እሱን ሳልናገር ብቀመጥ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሰርቫይቫል ሀንተር ነገር ነው፣ ቀስቱን የተነጠቀው አዳኛችን።

የተሰባሰብነው በ2008 ኖቬምበር፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው የኦንላይን ጨዋታ የሊች ኪንግ ማስፋፊያው ሲወጣ ነው። ያኔ ሀንተር፣ አዳኙ ማለት ነው፣ ሦስት ስፔክ ወይም የአጨዋወት ዘርፍ ነበረው፣ ሦስቱም ከሩቅ ይተኩሳል። ቢስት ማስተሪው በአውሬው ይመካል። ማርክስማኑ በዓይኑ። የእኛው ሰርቫይቫል ደግሞ በመርዝ፣ በወጥመድና በፈንጂ። ኤክስፕሎሲቭ ሾት! ጠላት ላይ ይሰካና ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ያን ድምፅ የማያስታውስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ጋሼን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ያኔ ታክሲ ይነዱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ሲመላለሱ ውለው፣ ማታ 2 ሰዓት ሲል ሬይድ፣ የቡድን ዘመቻችን ላይ ናቸው። አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። ስክሪናቸው ጠርዝ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት ነበረች። ጫፏ ላይ ቡና ፈሶባታል። በእጃቸው እንዲህ ብለው ጽፈውባታል፦ "ጥቁሩ ቀስት ይቅደም። መብራቱ ሲበራ 4፣ 3፣ 4። አትቸኩል።"

ዘግይታችሁ ለተቀላቀላችሁ ልንገራችሁ። ጥቁሩ ቀስት ብላክ አሮው የሚባለው ችሎታ ነው፣ መብራቱ ደግሞ ሎክ ኤንድ ሎድ። እሱ ሲበራ ኤክስፕሎሲቭ ሾትን ሳትጠብቅ ደጋግመህ ትተኩሳለህ። ግን ያንኑ በያንኑ ላይ ከደረብክ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ፍንዳታ ያጠፋዋል። ስለዚህ የችሎታውን ደረጃ 4 ትተኩሳለህ፣ ቀጥሎ ደረጃ 3ን፣ ከዚያ ተመልሰህ 4ን። ሁለቱ ሳይጠፋፉ አብረው ይነዳሉ። ይህን ጨዋታው አያስተምርህም። ሰው ነው ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ለጓደኛው ነግሮ ያወቀው። ለእኔ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ በትዕግሥት።

ለውጥ ጠልተን አይደለም! ሰዎች ይህን ደጋግመው ሲሉን አንጀቴ ያራል። በ2010 ማና የሚባለው የኃይል ምንጫችን ቀርቶ ፎከስ መጣ። ጥይትና ፍላጻ መግዛት ቀረ። የችሎታ ደረጃዎቹም ቀሩ። ጋሼ "4፣ 3፣ 4" የምትለዋን መስመር ሰረዙና ከሥሯ አዲስ ጻፉ። በ2012 ጠላት ሲጠጋን መተኮስ የሚከለክለን ገደብ ተነሳ። እሰየው አልን። ስምንት ዓመት ሙሉ የጨዋታው ሠሪዎች ሲቀያይሩን አብረን ተቀያየርን።

ሌጅን የተባለው ማስፋፊያ በ2015 ኦገስት ታወጀ። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ደረሰን። ሰርቫይቫል ቀስቱን ጥሎ፣ ጦር ይዞ፣ ጠላት ሥር ገብቶ ይዋጋል ተባለ። አላመንንም። በ2016 ጁላይ፣ ከማስፋፊያው በፊት የመጣው ለውጥ በገባበት ማታ፣ ጋሼን ጨዋታው ውስጥ ባለችው ስቶርምዊንድ ከተማ የመለማመጃው አሻንጉሊት ፊት አገኘኋቸው። ቀስታቸው እጃቸው ላይ ነው። ቁልፉን ሲጫኑ ኪቦርዱ ይሰማኛል። ቀጭ። ቀጭ። ምንም የለም።

"ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ሳይበላሽ አልቀረም" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ምን ልበላቸው?

ኤክስፕሎሲቭ ሾትና ብላክ አሮው ወደ ማርክስማኑ ሄደው በምርጫ የሚወሰዱ ችሎታዎች ሆኑ። ልብሳችንን ገፈው ለወንድማችን አለበሱት፣ እኛን በስማችን ብቻ አስቀሩን። ቤት አፍርሰህ ሌላ ቤት ከሠራህ በኋላ የድሮውን ታርጋ በሩ ላይ ብትለጥፈው፣ እዚያ የኖረው ሰው ቤቴ ነው ብሎ ይገባል?

ሦስቱ ስፔኮች ይመሳሰላሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ መልክ ይኑረው ነው የሠሪዎቹ ምክንያት። ለማን ነው የሚመሳሰሉት? ያችን ወረቀት ለጻፈ ሰው አይመሳሰሉም! እሺ ይመሳሰሉ እንበል። ድሩይድ የሚባለው ክላስ፣ የተዋጊ ዓይነት ማለት ነው፣ ከ2012 ጀምሮ አራት ስፔክ አለው። ለሀንተር አራተኛ መጨመር ማን ከለከለ? በዚያው በሌጅን ዲመን ሀንተር የሚባል ሙሉ ክላስ ከባዶ ሠርተው የለም እንዴ? አዲስ መፍጠር አላቃታቸውም። የሰው ቤት ላይ መሥራት ቀሏቸው ነው!

በ2004 በነበረው የሰርቫይቫል የችሎታ ዛፍ ላይ የቅርብ ውጊያ ችሎታዎች ነበሩ የሚሉኝ አሉ። ነበሩ። እኛ ግን የተሰባሰብነው፣ ቦስ የገደልነው፣ የተሳሳቅነው በቀስቱ ነው።

እዚህ ያላችሁ ወጣቶች፣ የጦሩን ሰርቫይቫል የምትወዱ፣ ቅሬታዬ ከእናንተ ጋር አይደለም። ጥሩ ትጫወታላችሁ። ለእናንተም የራሳችሁ ስም ያለው ነገር ቢሠራላችሁ ነበር የምወደው።

ዋርሎክ የሚባለውን ክላስ የሚጫወቱ ጓደኞቻችንም ሜታሞርፎሲስ የተባለ ችሎታቸውን ያጡት በዚያው በሌጅን ጊዜ ነው፣ ለዲመን ሀንተር ተሰጠባቸው። በ2005 ስታር ዋርስ ጋላክሲስ በተባለው ሌላ የኦንላይን ጨዋታ ላይ ከ30 በላይ የነበሩት ሙያዎች በአንድ ለውጥ 9 ሆነው ሲቀሩ የደረሰውን በዚያ በኩል የመጣችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጨዋታው በ2011 ተዘጋ። ዝርዝሩን ለራት ሰዓት እተወዋለሁ።

ጋሼ በዚያው በ2016 አካውንታቸውን ዘጉ። ልሰናበታቸው ቤታቸው ስሄድ ወረቀቷን ከስክሪኑ ላይ ነቅለው ሰጡኝ። "ከእንግዲህ ለእኔ ምን ታደርግልኛለች" አሉ።

በ2022 ሴፕቴምበር የሊች ኪንግ ዘመን ክላሲክ በሚባለው የድሮው ጨዋታ ቅጂ ተመልሶ መጣ። ያን ቀን መጀመሪያ የደወልኩት ለእሳቸው ነው። "ጋሼ፣ ፍንዳታው ተመልሷል።" ዝም አሉ። ከዚያ "ወረቀቷ አለች?" አሉኝ። የተሰረዘችውን መስመር በስልክ አነበብኩላቸው፦ 4፣ 3፣ 4። አትቸኩል። በዚያው ሳምንት አካውንታቸውን ከፈቱ።

ጋሼ፣ ዛሬ ይዤልዎት መጥቻለሁ። ፕላስተሩ ለቋል፣ ቡና የፈሰሰበት ጫፍም ትንሽ ተቀዷል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይምጡና ይውሰዷት።