የእድሩ ፋይል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ድሬዳዋ ነኝ፣ ሳቢያን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። መጀመሪያ ላይ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ያልኩት ጠፍቶብኝ እንዳይመስላችሁ። ቬንትሌተሩን እየቀዳሁት ነበር። ኦዳሲቲ የምትባለው ፕሮግራም ያቺን አምስት ሰከንድ ትወስድና የቬንትሌተሩን ድምፅ ታጠናዋለች፣ ከዚያ እኔ ከማወራው ላይ ትቀንስልኛለች። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ አንዳንዴ ድምፄን ከጉድጓድ የሚወጣ ታስመስለዋለች። ግን በዚህ ሙቀት ቬንትሌተር አጥፍቼ አልቀዳም፣ አቦ። ደጋ ያላችሁ አትፍረዱብን።

ኦዳሲቲን አሜሪካ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጀመሯት፤ በፈረንጆቹ 2000 ለሕዝብ ወጣች። ሳንቲም አልከፈልኩባትም። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ነው፣ ኦፕን ሶርስ ስለሚባለው፤ የተሠራበት ኮድ ክፍት ነው፣ ማንም ገብቶ ያየዋል፣ ያርመዋል። አትዝጉት፣ ኮድ አላወራም። የማወራው ስለ አንድ የእድር ፋይል ነው፤ ግን ወደሱ ለመድረስ ትንሽ ልዙር።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ከዚራ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለችኝ። ሰው ላፕቶፑን አቅፎ ይመጣል። ግማሹ ከታይዋን የተገዛ ነው፤ ታይዋን ስል ሀገሩን ሳይሆን የኛን ገበያ ነው፣ የድሬ ልጅ ይገባዋል። «ፎርማት አድርግልኝ፤ ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕ ጫንልኝ» ይለኛል። እጭናለሁ። የምጭነው ክራክ ነው፣ ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራ። ምን ልዋሻችሁ? ከተማው በሙሉ የሚሠራው በክራክ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን እኔ ሰባኪ ነበርኩ። «ይሄ ሊብሬኦፊስ ይባላል፣ በኦፊስ ፋንታ የሚሠራ ኦፕን ሶርስ፣ በነጻ ነው» እላለሁ። አንድ ደንበኛዬ ምን አለኝ? «ያኛውስ መቼ ተከፍሎበት ያውቃል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው። ፈረንጁ ሀገር «በነጻ ነው» ሲባል ሰው ጆሮውን ያቆማል፣ ምክንያቱም ያኛው ያስከፍለዋል። እዚህ ዜሮ ብርን ከዜሮ ብር ጋር እያወዳደርኩ ነበር የምለፋው። ክራክ የሚጎዳው ትልልቆቹን ኩባንያዎች ብቻ ይመስለን ነበር። እኔ እንደማየው ከነሱ ይልቅ የጎዳው ኦፕን ሶርሱን ነው፤ ደጃፋችን ድረስ መጥቶ የሚገባበት በር አጣ።

ደግሞ ቃሉም አያግዝም። ሪቻርድ ስታልማን የሚባለው ሰውዬ ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ በፈረንጆቹ 1983 ካስታወቀ ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው፤ እኔ ስለ ነጻነት ነው የማወራው እንጂ ስለ ዋጋ አይደለም ሲል ኖረ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ፍሪ» ብሎ በአንድ ቃል ስለሚጠራቸው ሰው ይምታታበታል። በኛ ቋንቋ ግን አንዲት «በ» አለች። ነጻ እና በነጻ። ነጻ ሰው ስትሉና በነጻ የሚሠራ ሰው ስትሉ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም፣ እንዲያውም ይጣላሉ። እኔ ለዓመታት ደንበኛዬን ያወራሁት ስለ «በነጻ»ው ነበር። ስለ ነጻው ማውራት የጀመርኩት ጋሼ ከመጡ በኋላ ነው።

ጋሼ እንግዲህ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። ጡረታ የወጡት ከምድር ባቡር ነው፣ ከወርክሾፑ። አንድ ቀን ጠዋት ፍላሽ ይዘው መጡ። በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ በላስቲክ ታስሮ። «አንተ ልጅ፣ ይሄንን ክፈትልኝ» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእድሩ የድሮ ደብተር በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አንሸወድም ብለው የአባሉን ሁሉ የቤተሰብ ዝርዝር በኮምፒውተር አስጻፉ። ማን አባል ነው፣ እናትና አባቱ፣ አማቶቹ፣ ልጆቹ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚወጣው፣ ገንዘቡ የሚከፈለው በዚያ ዝርዝር ነው። አሁን አንድ አባል አማቱ አርፈውበት «አስመዝግቤያለሁ» ይላል፣ ኮሚቴው ደግሞ «የለም» ይላል። ፋይሉ ይፍታው ተባለ።

ከፈትኩት። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ግን አማርኛ የለም። የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ጭራ ያላት ሲ፣ ጭረት የተጫነባት ኢ፣ እንደገና ዶላር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። ምድር ባቡር ውስጥ ፈረንሳይኛ ለምደዋል፣ ያችን ጭራዋን ሲ ያውቋታል። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ትንሽ ሞከሩና «ፈረንሳይኛ ነው እንዳልል ትርጉም የለውም» አሉ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ። የድሮ የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት በማታለል ነበር። ኮምፒውተሩ አማርኛ መኖሩን አያውቅም። «ኤ» ነው ብሎ የሚያስቀምጠውን፣ ፎንቱ ላይ የ«ኤ»ን ሥዕል አጥፍተው «ሀ»ን ይስሉበታል። ፎንቱ እስካለ ድረስ አማርኛ ታያላችሁ፤ ፎንቱ ከጠፋ ከሥር ያለው ጉድ ይወጣል። ሌላም ችግር አለ። ያን ጊዜ አንድ ፎንት ላይ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው፣ ከሱም የሚሠራው ሁሉም አይደለም። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ዲቃሎቹ አሉ፣ ቁጥሮቹ አሉ፣ አራት ነጥብ አለ። አልበቃም። ስለዚህ አንዳንዱን ፊደል ሁለት ቦታ ከፍለው ይገጣጥሙታል፤ መጀመሪያ ዋናው ፊደል፣ ከዚያ ቅጥያው ለብቻው። እያንዳንዱ ሻጭ ደግሞ በራሱ መንገድ ነው የሚገጣጥመው፤ ሥርዓቱን ለማንም አይናገርም። የሱ ንብረት ነዋ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም ሀገር፣ በማንም ማሽን «ሀ» ናት። ግን እኛ ጋ የድሮው ልማድ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ቆየ። የጋሼም ፋይል የተጻፈው በልማዱ ነው። ፎንቱን የጫነላቸው ሱቅ ተዘግቷል፣ የጻፈችው ልጅ ጅቡቲ ናት፣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል።

ለጋሼ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁ፤ «ታዲያ ስንገዛው መፍቻውን ለምን አልሰጡንም?» አሉ። ከዚያ ስለ ወርክሾፑ ነገሩኝ። ለባቡሩ አንድ ዕቃ፣ እሳቸው ፒየስ ነው የሚሉት፣ አንድ ፒየስ ሲሰበር ከፈረንሳይ እስኪመጣ አይጠብቁም። ይፈቱታል፣ ይለኩታል፣ ቶርኖ ላይ ያወጡታል። «ያ ሁሉ ዓመት ሃዲድ ላይ የቆየው አዲስ ስለነበር መሰለህ?» አሉኝ። ጉሮሮዬ ላይ ያለውን ስብከት ሁሉ ዋጥኩት። ሰውዬው ስለ ኦፕን ሶርስ ከኔ በተሻለ ተናግረው ጨረሱ፣ እኔ ሻይ አዘዝኩ።

ደግነቱ ከዚያ ፋይል አንድ ጊዜ የታተመ ሦስት ገጽ ወረቀት ተርፎ ነበር። እሱን ይዘን ተቀመጥን። እኔ ከስክሪኑ ምልክቱን፣ እሳቸው ከወረቀቱ ፊደሉን። ዶላር፣ «መ» ነው። ቅንፍ፣ «ሐ»። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ከሠላሳ መስመር አይበልጥም፤ የቀረው ሠንጠረዥ ብቻ ነው፣ ይሄ ምልክት ይሄ ፊደል እያለ። ፓይተንም ኦፕን ሶርስ ነው። ፋይሉን የከፈተልን ሊብሬኦፊስም እንደዚያው።

ከሦስቱ ገጽ ሌላ ያለው ግን እንቆቅልሽ ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ፊደል ሲመጣ ባዶ ሳጥን ይወጣል፤ ሳጥኑን በስም እንሞላዋለን። ሙ፣ ሳጥን፣ ጠፋ። ሙስጠፋ! ሳጥን፣ ጥሮስ። ጴጥሮስ! አሥራ አንድ ገጽ ውስጥ «ጴ» አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣችው። የድሬ እድር ጥሩው ነገር ይሄ ነው፤ የሁሉም ስም አለበት፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ጉራጌው፤ ስለዚህ የማይነካ ፊደል የለም ማለት ይቻላል። ሐረር ያላችሁ እናንተ አፎቻ በሉት፣ ፋይላችሁ ግን ከኛ አይሻልም፣ እመጣበታለሁ። የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። አማትየዋ ገጽ ዘጠኝ ላይ ተገኙ። ተመዝግበዋል።

እዚህ ላይ ሰው «ኦፕን ሶርስ እንዲህ ነው እንዲያ ነው» ብሎ ዘፈን ይጀምራል። እኔ አልጀምርም፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ሊብሬኦፊስ አዋርዶኛል። ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እኔ ጋ ልክ ነው፣ እነሱ ጋ ሲከፈት አርማው ወርዶ ጽሑፉ ላይ ተቀምጧል፣ ቀኑ ሌላ ገጽ ሄዷል። «ይሄ ምንድን ነው?» ተባልኩ። ምን ልበላት ጸሐፊዋን፣ ጥፋቱ የፋይሉ ዓይነት ነው ልበላት? ፒዲኤፍ አድርጌ መለስኩ። አሁን ለሰው የምልከውን ሁሉ ፒዲኤፍ ነው የማደርገው፣ እናንተም ልመዱ።

ደንበኛንም አላስገድድም። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት ላይ ድጋፉ ሲቆም፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው፣ ሱቄ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ዊንዶውስ 11 የቲፒኤም ቺፕ፣ አሮጌ ማሽን ላይ የማይገኝ የደኅንነት ቺፕ፣ ካላየሁ አልጫንም ይላል፤ አራት ጊጋ ሚሞሪ ያለው አሮጌ ዴል የያዘ ተማሪ ምን ያድርግ? ለእንደዚህ ያለው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት እጭንለታለሁ፣ እሱም ኦፕን ሶርስ ነው። ግማሹ ለምዶታል። ግማሹ በሳምንቱ ተመልሶ «ያንን ዊንዶውሴን አምጣ» ይላል። አልጣላም። ለሂሳብ ሠራተኛዋ ጭራሽ አላነሳባትም፣ ፒችትሪዋ፣ የሂሳብ ፕሮግራሟ፣ ካልተከፈተ ደሞዝ የለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ኤክስዜድ የምትባል ትንሽ ሶፍትዌር አለች፣ ፋይል መጭመቂያ። ሊኑክስ ያለበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል እሷ አለች። ለዓመታት የያዛት አንድ ሰው ነው፣ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። ደከመው፤ መድከሙንም ተናግሯል። ሰው ግን «ዘገየህ፣ ለምን አታሻሽልም» እያለ ይጨቀጭቀዋል። በዚህ መሀል አንድ ደግ መሳይ መጣና «ላግዝህ» አለ። ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት አገዘ፣ ታመነ፣ ቁልፉን ተቀበለ፣ በመጨረሻም በር የሚከፍት ተንኮል ቀበረባት። የተያዘው በፈረንጆቹ መጋቢት 2024 መጨረሻ ነው። ማን ያዘው? አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል፣ ማይክሮሶፍት የሚሠራ መሐንዲስ፤ ከርቀት ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! የኛ ባጃጅ ሠሪዎች ሞተሩን ከመንገድ ማዶ ሰምተው «ይሄ ነገር አለው» እንደሚሉት ነው። ኮዱ ክፍት ባይሆን ግን ጠርጥሮ ይቀር ነበር፤ ገብቶ ያየው ክፍት ስለሆነ ነው።

ይሄን ታሪክ ለጋሼ ስነግራቸው ስለ ተንኮለኛው አልጠየቁም። የጠየቁት «ያ የደከመው ሰውዬስ?» ብለው ነው። እሳቸው እድሩን በጸሐፊነት ከያዙ ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ምትክ ይመረጥ በተባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ድንኳኑ በሰዓቱ ሲደርስ የሚያመሰግን የለም፣ ሲዘገይ ግን ስልካቸው አይቆምም።

እና እኔ ምን ሳደርግ ነበር? ይሄን ሁሉ ፍልስፍና ይዤ ያንን ሠንጠረዥ ላፕቶፔ ላይ አስቀምጬው ሰባት ወር ቆየሁ። ነገ አወጣዋለሁ፣ ትንሽ ላሳምረው፣ ሰው ኮዴን አይቶ ይስቅብኛል። ፎንት ሻጩ መፍቻውን አልሰጠንም ብዬ ስማረር የነበርኩት ሰው፣ መፍቻው እኔው ኪስ ውስጥ ነበር። በቀደም አፍሬ ጊትሃብ ላይ፣ ሰው ኮዱን የሚያካፍልበት ድረ ገጽ ላይ፣ ለጠፍኩት፣ ማንም ይውሰደው፣ ያርመው ብዬ።

ትናንት መልእክት መጣ። ሐረር ያለ የማላውቀው ሰው ነው። በዚያው ፎንት የተጻፈ የአፎቻ ቃለ ጉባኤ ኖሮት ሠንጠረዤን ሞክሯታል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሠራል። ግን ሟች ሁሉ ማች ሆኖብኛል» ይላል። ሳቄ መጣ። ሄጄ አየሁት። «ሟ» ከነዚያ ተገጣጣሚዎቹ አንዷ ናት፤ ቅጥያዋን ረስቻታለሁ። እኛ ጋ እንዴት አልታየም ብዬ አሰብኩ፤ ለካ የኛ ዝርዝር ላይ የተጻፉት ሁሉ ያን ጊዜ በሕይወት ያሉ ሰዎች ነበሩ። አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ከመቅዳቴ በፊት ነው የላክሁለት። «ቷ»ንም «ሷ»ንም እይልኝ ብዬዋለሁ።