ክዳኑ አይዘጋም

የተከበራችሁ የቀድሞ አለቆቼ፣ አብራሪዎችና የምድር ባለሙያዎች፣ የሰማዕታት ቤተሰቦች፣ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ አውሮፕላን ሞዴሉ አሠራር በአጭሩ ያብራሩና ያስረክቡ» ብለውኛል። አስረክባለሁ። ከማስረከቤ በፊት ግን ዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስላለኝ፣ ሰዓቱ ትንሽ ቢገፋም ታገሡኝ።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ኤፍ-5ኢ ነው። ለዚህ አዳራሽ ሰው ኤፍ-5 ምን እንደሆነ ማስረዳት ነውር ነው፤ የልጅ ልጆቻችሁ ስላሉ ብቻ ጥቂት ልበል። ኖርዝሮፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ ባለ ሁለት ሞተር፣ አንድ ሰው የሚያበርረው ቀላል ተዋጊ ጀት ነው። እውነተኛው ከአፍንጫ እስከ ጅራት 14 ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ከ8 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህኛው በ1/32 ልኬት ስለተሠራ ርዝመቱ 45 ሳንቲ፣ ክንፉ 25 ሳንቲ ግድም ሆኗል። በዚሁ ልኬት 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው አምስት ሳንቲ ተኩል ይሆናል። ይህችን አምስት ሳንቲ ተኩል ያዙልኝ፤ ዛሬ እዚህ ያቆመችኝ እሷ ናት።

ቀረብ ብላችሁ ስታዩት አውሮፕላኑ አይበርም፤ ቆሟል። የአፍንጫው ክዳኖች ተከፍተዋል። ሦስት ሰዎች ቀኝ ክንፍ ጫፍ ላይ ሲድዋይንደር ሚሳይል ተሸክመው እየሰቀሉ ነው። አንዱ መድፉ ጋ ጎንበስ ብሏል። አንዱ ከግራው ክንፍ ሥር በጀርባው ተኝቷል። ስድስተኛው የእጅ ባትሪ ይዞ አጠገቡ በርከክ ብሏል።

ስጀምረው ጎረቤት ሁሉ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ መጫወቻ?» ይለኝ ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለአገሩ ተማሪዎች 500,000 የአውሮፕላን ሞዴል ከእንጨት እንዲቀርጹለት ጥሪ ሲያደርግ ለመጫወቻ አልነበረም። በ1/72 ልኬት የተቀረጹት ሞዴሎች ተሰብስበው ለወታደሩ ተሰጡ፤ የወገንና የጠላት አውሮፕላን መለየት የተማረው በእነሱ ነው። ሞዴል ዓይን ያሠለጥናል። የእኔም ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዓይናችን ያላየውን ሰው እንዲያይ ነው የሠራሁት።

የሞዴሉ ክፍሎች ከሚመጡበት ሳጥን የወጣው አፍንጫ ዝግ ነው። በምላጭ ቀስ እያልኩ ቆርጬ ከፈትኩት፤ ውስጡ ባዶ ነበር። ሁለቱን መድፎች፣ የጥይት ሣጥኖቹን፣ ዝናሩ የሚያልፍበትን መተላለፊያ ከስስ ፕላስቲክ፣ ከመርፌ ቱቦና ከመዳብ ሽቦ ሠራኋቸው። ለዚህ ክፍል ሥዕል አላስፈለገኝም፤ የጦር መሣሪያ ክፍል ልጅ ነኝ፣ እጄ ያውቀዋል። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ኤም-39 መድፍ ሁለት፣ ለእያንዳንዱ 280 ጥይት። መድፉ በደቂቃ 1,500 ጥይት ስለሚተፋ አብራሪው ቃታውን ሳይለቅ ቢይዝ ያ ሁሉ ዝናር በ11 ሰከንድ ያልቃል። ለእነዚያ 11 ሰከንዶች ስንት ጣት እንደቆሰለ እናንተ ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ማያያዣ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፤ አንዱ ከጠመመ መድፉ አየር ላይ ይነክሳል፤ ጥይቱ ተቀርቅሮ አይተኮስም። የሶማሊያ ሚግ-21 ተዋጊ ጀት ፊት የነከሰ መድፍ ይዞ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ከፊት የተቀመጡት አብራሪዎቻችን ይንገሯችሁ።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልውሰዳችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐምሌ በፊት ነው። የካቲት 1969 ዓ.ም. የአሜሪካው የካርተር መንግሥት ወታደራዊ ዕርዳታውን ቀነሰ። ሚያዝያ ላይ ደርግ አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያ ቃኘውን አዘጋ፣ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎችንም አስወጣ። አውሮፕላኑ የአሜሪካ፣ ሞተሩ የአሜሪካ፣ ሚሳይሉ የአሜሪካ፤ መለዋወጫ የሚመጣበት በር ተዘጋ። በሐምሌ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ገፍቶ ገባ። አየር ኃይላችንን ከመሠረቱት አንዱ የነበሩት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጎዴ ላይ የተገደሉት በዚያው ወር ነው። የሶቪየት አውሮፕላን ገና አልደረሰም። ዋናው መመኪያችን ጥቂት ኤፍ-5 ነው፤ እነሱም በቀን ደጋግመው መነሣት ነበረባቸው።

የድሬዳዋን ሐምሌ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከቀትር በኋላ የክንፉን ላሜራ በባዶ እጅ የነካ ሰው ቆዳውን ትቶ ይነሣል። ሚሳይሉ ከ70 ኪሎ በላይ ነው፤ በትከሻችን አንሥተን፣ ሐዲዱ ላይ አስተካክለን፣ እስኪቆልፍ ትንፋሽ ይዘን እንጠብቃለን። የሚሳይሉ የመስተዋት ግንባር እንዳይነካ አንዱ መዳፉን ዘርግቶ ይከልለዋል። ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚጠርግ ሦስተኛ እጅ የለም።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው አንዱ ኤፍ-5 ከግራው ክንፍ ሥር ተመትቶ ተመለሰ። ከምድር የተተኮሰ ጥይት በስቶት ወጥቷል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ወደ ላይ ተገልብጦ ነበር። ነገ ንጋት ላይ ይፈለጋል ተባለ። በምን? ከግምጃ ቤቱ የተገኘው መልስ «የለም» ብቻ ነው። የላሜራ ባለሙያው ወንድማችን፣ ስሙን ቤተሰቡ ሲፈቅዱልኝ እጽፈዋለሁ፣ ከማይነሣ አውሮፕላን ቆዳ አንድ ቁራጭ ቆርጦ መጣ። መብራት ማብራት ክልክል ነበር። ብርድ ልብስ ከክንፉ ላይ አንጠልጥለን ጨለማ ቤት ሠራንለት። እሱ በጀርባው ገብቶ ተኛ። ጠርዙን በሞረድ አስተካከለ፣ መጣፊያውን ለካ፣ ቆረጠ፣ ቀዳዳ አወጣለት፣ ላሜራውን የሚያያይዘውን ሚስማር፣ ሪቬቱን፣ መምታት ጀመረ። በያንዳንዱ ምት የብረት ብናኝ ፊቱ ላይ ይረግፋል።

ሌሊቱ ሲጋመስ አብራሪው መጣ። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነው መሰለኝ። በማግሥቱ በዚያ ክንፍ የሚበርረው እሱ ነው። «እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የላሜራው ሰው ከሥር ሆኖ «ሻምበል፣ ብርሃኑ አልመች አለኝ» አለው። ሻምበሉ አላዘዘም፤ ሰው አልጠራም። ብርድ ልብሱን ገልጦ ገባ፣ በጉልበቱ በረከከ፣ የእጅ ባትሪውን ያዘለት። ክንዱ ሲዝል ወደ ሌላው እጁ እያዛወረ እስከ መጨረሻው ሪቬት ድረስ ያዘለት። ሲነጋ ያ አውሮፕላን ተነሣ። ተመለሰም።

እንግዲህ እጠይቃችኋለሁ፦ ያንን አውሮፕላን ማን አበረረው?

(እናመሰግናለን። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ።)

ያ መጣፊያ እዚህ ሞዴል ላይ አለ። ከግራው ክንፍ ሥር ትንሽ መስተዋት አስቀምጫለሁ፤ በእሱ እዩት። ከስስ አሉሚኒየም ቆርጬ ለጥፌዋለሁ፤ ሪቬቶቹን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ወጋሁ። ቀለም አልቀባሁትም፤ ያን ቀን ጠዋት ቀለም የሚቀባበት ጊዜ አልነበረምና ባዶ ብረቱ እንዳብለጨለጨ ነው የሄደው። ሰዎቹን በራሱ ከሚደርቅ ሊጥ ቀረጽኳቸው። የተኛው ሰውዬ ፊት የእህል ፍሬ ቢያክል ነው፤ ዓይኑን ግን ጨፍኗል፤ ብናኙ እንዳይገባበት።

አሁን የመጣሁበት ጉዳይ።

ይህንን ሞዴል ጨርሼ፣ ሕዝብ የሚያይበት ቦታ ይቀመጥ ብዬ ለአንድ መሥሪያ ቤት አቀረብኩት። በደንብ ተቀበሉኝ፤ አደነቁ፤ ፎቶ አነሡ። ከዚያ ኃላፊው እንዲህ አለኝ፦ «ሥራው ግሩም ነው። ሰዎቹን ግን ያንሷቸው። ክዳኖቹን ይዝጓቸው። በብረት ዘንግ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ያድርጉት፤ ጀግንነቱ ይታያል።» ባትሪ የያዘውን አብራሪ አይቶ ደግሞ «አብራሪ ተንበርክኮ መታየቱ ለክብሩ አይመጥንም» አለኝ።

ለክብሩ አይመጥንም!

እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት ትልቁ የአብራሪ ክብር ያ ነው። ሕይወቱን ለሚያኖርበት ክንፍ ብርሃን የያዘ መኮንን ነው የተንበረከከው። እሱን አንሥቼ በዘንግ ላይ ባዶ አውሮፕላን ላስቀምጥ? ማንም ሳይነካው ከሰማይ የወረደ ይመስል? ሞዴሉን ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ።

ነገሬን ማንም እንዳያጣምምብኝ። የብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራን፣ የበዛብህ ጴጥሮስን፣ የባጫ ሁንዴን ጀግንነት ለመቀነስ የሚነሣ ሰው ካለ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይጣላል። ጄኔራል ለገሠ ተመትቶ ወርዶ 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ማቆ፣ በ1980 ዓ.ም. ምርኮኞች ሲለዋወጡ ነው አገሩን ያየው። የአየር የበላይነቱን የወሰዱት እነሱ ናቸው፤ የካራማራ ድል የካቲት 26 ሲከበር ስማቸው መጠራት አለበት፣ ይጠራልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሚሳይሉን የሰቀለው ማን ይባላል? ሞተር ለመቀየር የአውሮፕላኑን የኋላ አካል ሙሉ በሙሉ ጎትቶ የሚያወጣው፣ ያለ መለዋወጫ ከሁለት የተበላሸ አንድ ደህና የሚያወጣው ማን ይባላል? ነዳጅ የሞላው? ከእኛ ከምድር ሠራተኞቹ ስንቱ ኒሻን አገኘ? ስንቱ በስሙ የተጻፈ አንድ መስመር አለው? በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ መኮንኑም ባለሌላ ማዕረጉም ቤቱ ገባ። አብራሪው ስሙ ቀረለት። የእኛ ሰው ቱታውን አጣጥፎ ጋራዥ ገባ፣ ታክሲ ጠገነ፣ አርጅቶ ሞተ፤ ልጆቹ «አባባ አየር ኃይል ነበር» ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። ይህ ያናድደኛል። ሽማግሌ ሆኜም ያናድደኛል።

ሌላም ላንሣ። ቀለሙን ለማግኘት ፎቶ ፈለግኩ። በ1960ዎቹ የታተመ የቀለም ፎቶ ሲያረጅ ቀድሞ የሚለቀው ሰማያዊው ማቅለሚያ ስለሆነ ምስሉ በሙሉ ይቀላል፣ አረንጓዴው ቡናማ ይመስላል። በእንዲህ ያለ ፎቶ ብቻ ተመርቶ የሚቀባ ሰው ይስታል። እኔን ያዳነኝ ያን ጊዜ ቀለሙን በእጁ የረጨ ወንድማችን ነው፤ አጠገቤ ተቀምጦ «ጨምር፣ በቃ፣ ትንሽ ጥቁር» እያለ አስቀላቀለኝ። ምልክቶቹንም ሳጥኑ ውስጥ ከመጡት ከሌላ አገር ምልክቶች ወስጄ አልለጠፍኩም፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ክብ በወረቀት ከልዬ ራሴ ረጨሁት። ስለዚህ አልበም ያላችሁ፣ እባካችሁ ፎቶዎቹን በጥሩ ስካነር አስነሡ፤ ጀርባቸው ላይም ማን ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ጻፉ።

ወጣቶችን በሚመለከት፣ መማር የሚፈልግ ልጅ ካለ ቤቴ ክፍት ነው። ሙጫው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ ወረንጦው አለ።

ሞዴሉን ለማኅበሩ የማስረክበው በአንድ ውል ነው፤ ጽሑፉን ሰብሳቢው ፈርመውበታል። ክዳኑ አይዘጋም። ሰዎቹ አይነሡም። አብራሪው ባትሪውን እንደያዘ ይቀመጣል። የአውሮፕላኑን መቆሚያ ዞራችሁ ብታዩት ዙሪያውን የናስ ሰሌዳ አለው፤ እስካሁን አንድም ስም አልተቀረጸበትም። የሚቀረጸው የምድር ሠራተኛ ስም ነው፦ የመሣሪያ፣ የሞተር፣ የላሜራ፣ የኤሌክትሪክ፣ የነዳጅ፣ የፓራሹት።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ተቀምጧል። ማዕረግ፣ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የሥራ ክፍል፣ ያገለገላችሁበት ምድብ ጻፉ። በሕይወት የሌሉትን ቤተሰብ ይጻፍላቸው። አብራሪዎቻችን ደግሞ፣ አውሮፕላናችሁን ያዘጋጁላችሁ የነበሩትን ታስታውሳላችሁና የምታስታውሱትን ስም ሁሉ እናንተ ጻፉልን። ራት እስኪቀርብ ጊዜ አለ፤ ከፊት ወንበር ጀምሩ።

አመሰግናለሁ።