የዕቅዳችን መነሻ የልጆቹ ደብተር ይሁን

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ተወካዮች፤ ክረምቱን አልፈን የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች በጋራ በምንሰባሰብበት በዚህ የጉድኝት ማዕከል እንኳን በሰላም ተገናኘን።

የተጠራነው የዓመቱን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ አፋችን የለመደውን ተሙማን፣ ለማቀድ ነው። ቅጹን ከመሙላታችን በፊት ግን ይህን ደብተር እዩልኝ። የአንዲት 5ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ደብተር ነው። ወላጆቿን አስፈቅጄ፣ ስሟን ሸፍኜ ነው ያመጣሁት። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ይላል ጥያቄው። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ ሁለት አምስተኛ ብላለች። አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አለ። ገጹን ስትገልጡት ሰባት ጥያቄ፣ ሰባት ኤክስ፤ ሁሉም በዚያው መንገድ የተሳሳቱ ናቸው።

ይህች ልጅ አልሰነፈችም። የራሷን ሕግ አውጥታ በታማኝነት ሠርታበታለች፤ የተሳሳተው ሕጉ ነው። መምህሯም አልሰነፈም፤ የክፍሉን ደብተር ሁሉ ቤቱ ተሸክሞ ወስዶ አርሟል። ያጣው ነገር ቢኖር ደብተሩን ዘርግቶ «ይኼ ስህተት አንተም ክፍል አለ? እንዴት አድርገህ አስለቀቅካቸው?» የሚለው ባልደረባና ለዚያ የሚሆን ሰዓት ነው። ባልደረባው ምናልባት «በቁጥሩ አትጀምርላት፤ ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ብትጨምሪበት ከግማሽ ያንሳል ወይ ብለህ ጠይቃት» ይለው ነበር። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል። ልጅቷ ይህን በዓይኗ ብታየው ሕጓን ራሷ ትጥለው ነበር። ለእኔ ተሙማ ማለት ይኸው ነው።

በየዓመቱ የምናስገባውን ዕቅድ እናስታውስ። ተከታታይ ምዘናን ማጠናከር፣ አሳታፊ የማስተማር ዘዴን መተግበር፣ የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀምን ማሻሻል። ክፋት የለባቸውም፤ ግን የማንኛውም ትምህርት ቤት ዕቅድ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔም መምህር ሳለሁ የአምናውን ዕቅድ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይሬ አስገብቼ አውቃለሁ። የተሙማ ሥራዬን የማስቀምጥበት ፋይል፣ ማህደረ ተግባሬ፣ ሲወፍር ክፍሌ ግን እንደነበረው ነበር። እነዚያ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ያ ዓመት ይቆጨኛል።

በአንጻሩ የማልረሳው ውለታ አለ። ጀማሪ መምህር ሆኜ የተመደቡልኝ አማካሪ አንድ ቀን ከኋላ ዴስክ ተቀምጠው ክፍለ ጊዜውን በሙሉ አዩኝ። ሲያልቅ ስለ ትምህርት ዕቅዴ አንድም ቃል ሳይናገሩ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የመቀመጫዎቹን ንድፍ ሥለው፣ ጥያቄ ጠይቄ ዕድል የሰጠሁት ተማሪ ላይ ሁሉ ነጥብ አድርገዋል። ነጥቡ ሁሉ ከፊት ሁለት ረድፍ ላይ ተከማችቷል። ከኋላ በኩል ያለው ወረቀት ነጭ ነው። ያ ነጭ ቦታ ከወሰድኳቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ይበልጥ አስተማረኝ።

ርዕሳነ መምህራን፣ እዚህ ላይ አደራ አለኝ። እርስ በርስ የምናደርገውን የክፍል ምልከታ ግምገማ አትበሉት። ያ ቃል በአገራችን ምን እንደሚያስታውስ ሁላችንም እናውቃለን። መምህር ውጤት ሊሞላበት የመጣ ሰው ፊት ያጠናውን ያሳያል እንጂ ያልቻለውን አይገልጥም። የምልከታው ወረቀት ለውጤት አሞላልም ለደረጃ ዕድገትም አይዋል፤ በታየው መምህር እጅ ይቅር።

ሰዓቱንም እናንሳ። የተሙማ መመሪያው በዓመት 60 ሰዓት ይላል። በአሥር ወር ስናካፍለው በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ይህ ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው። ከሥራ በኋላ እናድርገው የምትሉ አላችሁ። ከሥራ በኋላ መምህሩ የቤት ኪራይ ለመሙላት የሚያስጠናቸው ልጆች ይጠብቁታል፤ መምህርቷም ልጇን ከመዋያ የምታወጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የአንድ ትምህርት ክፍል መምህራን በሳምንት አንድ ቀን አብረው ነፃ የሚሆኑበትን ክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሲሠራ አስቀድማችሁ ያዙላቸው። አስቸጋሪ ነው፤ በፈረቃ ለሚያስተምሩት ደግሞ ይብሳል። ቢሆንም ከዚህ የሚቀድም የድልድል ሥራ አይታየኝም።

የጉዳዮቹን ብዛትም እንቀንስ። ለአንድ ሴሚስተር ለአንድ ትምህርት ክፍል አንድ ጉዳይ ይበቃል። የሒሳብ ክፍሉ ክፍልፋይን ይያዝ፤ የአማርኛው 2ኛ ክፍል ላይ ፊደል ቆጥረው ቃል ማንበብ ያልቻሉትን ይያዝ። ጥር ላይ ተመልሰን ደብተር እንገልጣለን። ሰባቱ ኤክስ ወደ ሦስት ወርዶ እንደሆነ እናያለን።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ደንግጠናል። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙ ተባለ። እኔ ግን ይህን ደብተር ሳይ ከእነዚያ ልጆች ስንቶቹ 5ኛ ክፍል ላይ ሁለት አምስተኛ ብለው ጽፈው፣ ኤክስ ተደርጎባቸው፣ እንደዚያው አለፉ እላለሁ።

ከሻይ በኋላ በየትምህርት ክፍላችሁ ትቀመጣላችሁ። ከየትምህርት ቤቱ ያሰባሰብናቸው የአምና ደብተሮች ጠረጴዛዎቹ ላይ ተደርድረዋል። የዕቅድ ቅጹን እስከ ምሳ አላድልም። እስከዚያ እያንዳንዳችሁ አምስት አምስት ደብተር አንብባችሁ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች የደጋገሙትን ስህተት በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉልኝ።

አመሰግናለሁ።